ዘመኑ ስንት ዓመት ነው? ስለ ቢልቦርድ ቦታ ኪራይ የአንባብያን ጥያቄዎች

መንገድ ዳር ባለ ቦታ ላይ ቢልቦርድ ለማቆም ድርድር ሲጀመር ሙግቱ ሁሉ በኪራዩ ላይ ይሆናል። የውሉ ዘመን ግን በማስታወቂያ ድርጅቱ ቅጽ ላይ ታትሞ እንደመጣ ሳይነካ ያልፋል። ለዚህ እትም የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከዚያች ታትማ ከመጣች ቁጥር የተነሡ ናቸው። ከቦታ ባለቤቶችም ከማስታወቂያ ሰዎችም የመጡ ስለሆነ መልሶቻችን አንዴ ወደ አከራይ፣ አንዴ ወደ ተከራይ ያደላሉ።

ጥያቄ፦ ዋና መንገድ ዳር ባለ ቦታዬ ላይ ባለ ሁለት ገጽ ቢልቦርድ ሊያቆም የሚፈልግ ድርጅት የ15 ዓመት ውል አምጥቶልኛል። እኔ ከ5 ዓመት በላይ መታሰር አልፈልግም። እነሱ «ከ15 በታች አያዋጣንም» ይላሉ። እውነት አያዋጣቸውም ወይስ እየተደራደሩብኝ ነው?

መልስ፦ በ5 ዓመት አያዋጣቸውም፤ ይህ እውነት ነው። «15 ካልሆነ» የሚለው ግን ድርድር ነው።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ሰሌዳውን ለማቆም የሚወጣውን ሁሉ 100 እንበለው፤ ገንዘቡ የየትም ይሁን። በዚህ ውስጥ የብረት ምሶሶውና ክፈፉ፣ የመሠረቱ ቁፋሮና ኮንክሪት፣ ማጓጓዣና ክሬን፣ የመብራት ዝርጋታ፣ የምህንድስናና የፈቃድ ክፍያ አሉ። ሁለቱም ገጽ ዓመቱን ሙሉ ቢሸጥ 60 ያስገባል እንበል። አንዱ አስተዋዋቂ ለቅቆ ሌላው እስኪገባ ግን ባዶ ወራት አይጠፉም። 70 በመቶው ከተሸጠ የሚገባው 42 ነው። ከዚያ ላይ ለእርስዎ ኪራይ 8፣ ለመብራት፣ ለጥገና፣ ለኢንሹራንስና ለሽያጭ ኮሚሽን 12 ይወጣና 22 ይቀራል። 100 ለ22 ሲካፈል አራት ዓመት ተኩል ገደማ ይመጣል። ፈቃድና ግንባታ የሚፈጁትን ወራት ሲጨምሩበት 5 ዓመቱ ሞላ፤ ድርጅቱ ገና ያወጣውን መለሰ እንጂ ምንም አላተረፈም።

ስለዚህ በ5 ዓመት ቢጸኑ ወይ ትተውዎት ይሄዳሉ፣ ወይ ኪራይዎን ቆርጠው ያጠረውን ጊዜ ያካክሳሉ፣ ወይ ደግሞ ያገለገለ ብረት አምጥተው ይተክሉብዎታል። የከፋው ሦስተኛው ነው፤ ቀጭን ብረትና ጥልቀት የሌለው መሠረት ነፋስ በተነሣ ቁጥር የእርስዎ እንቅልፍ ማጣት ነው።

አሁን ያንኑ ስሌት በ50 በመቶ ሽያጭ ይሞክሩት። የሚገባው 30፣ የሚቀረው 10 ብቻ፤ ማስመለሻው ከአራት ዓመት ተኩል ወደ 10 ዓመት ይዘላል። ቦታዎ ከሩቅ የሚታይ፣ መኪና ፍጥነት የሚቀንስበት፣ ዛፍም የመብራት ምሶሶም የማይጋርደው ከሆነ የ15 ዓመቱ ክርክር ይላላል። ደካማ ቦታ ከሆነ ግን ረጅም ዘመን የሚጠይቁት ከልባቸው ነው።

ለመደራደሪያ የሚጠቅመው ቁልፍ ነገር ደግሞ ይህ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚገኝ ገንዘብ ዛሬ ሲተመን ትንሽ ነው። በዓመት 10 በመቶ ተቀንሶ ሲሰላ፣ በየዓመቱ መጨረሻ 1 የሚያስገባ መብት ለ10 ዓመት ከሆነ ዛሬ 6.14 ያወጣል፤ ለ15 ዓመት 7.61፣ ለ20 ዓመት 8.51። ማለትም ከ11ኛው እስከ 15ኛው ያሉት ዓመታት የዘመኑ ሲሶ ቢሆኑም ከዋጋው የሚይዙት 19 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለእርስዎ ግን እነዚያ አምስት ዓመታት መሸጥ ወይም መገንባት የሚፈልጉባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ለእነሱ ርካሽ፣ ለእርስዎ ውድ የሆነው የዘመኑ ጅራት ነውና ኃይልዎን እዚያ ላይ ያውሉ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ለመቁረጥ ከመታገል ይልቅ «10 ዓመት ጽኑ፣ ከዚያ በሁለታችን ስምምነት 5 ዓመት» ይበሉ። የማራዘሙ ምርጫ የእኛ ብቻ ይሁን ካሉ፣ ውዝፍ ኪራይ እንዳይኖርባቸውና የተራዘመው ዘመን ኪራይ በዚያን ጊዜው ገበያ እንዲተመን ያስጽፉ።

አንድ ነገር ደግሞ በዓይንዎ ይዩ፤ የምሶሶውን ንድፍ። እግሩ በፍላንጅ (ቀዳዳ ባለው የብረት ሳህን) እና በብሎን ከመሠረቱ ጋር የሚታሰር ከሆነ ተፈትቶ ሌላ ቦታ መተከል ይችላል፤ ኮንክሪት ውስጥ የሚቀበር ከሆነ ተቆርጦ ነው የሚነሣው። በፍላንጅ የቆመ ሰሌዳ ይዞ «ውሉ ካጠረ ያፈሰስነው ሁሉ ይቀልጣል» የሚል ሰው ከሚገባው በላይ እየተናገረ ነው። የሚቀልጠው መሠረቱ፣ የክሬኑ ክፍያ፣ የመብራት መስመሩና ፈቃዱ ነው።

ጥያቄ፦ ሦስት ወንድማማቾች ነን። ከ14 ወር በፊት የ10 ዓመት ውል ፈርመናል፤ እስካሁን አንድ ጉድጓድ አልተቆፈረም፣ ኪራይም አልተከፈለንም። ለሌላ እንዳናከራይ ደግሞ ውሉ ያግደናል።

መልስ፦ ውላችሁን አውጡና አሥር ዓመቱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠር ፈልጉ። ሦስት ዓይነት መነሻ አለ፤ ከፊርማ፣ ፈቃድ ከተገኘበት ቀን፣ ሰሌዳው ቆሞ ካለቀበት ቀን። የእናንተ «ግንባታው ካለቀበት ቀን ጀምሮ» የሚል ከሆነ አሥር ዓመቱ ገና አልተነካም፤ ድርጅቱ ያለ ክፍያ ቦታ ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው። ሁልጊዜ ክፋት አይደለም፤ ፈቃድ ይዘገያል። ይሁን እንጂ በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ሊኖር የሚገባው ርቀት በደንብ በተወሰነባቸው መንገዶች ላይ፣ ተፎካካሪ እንዳይገባ ብቻ ተብሎ ቦታ የሚታጠርበት ጊዜም አለ።

አሁን የምታደርጉት፦ ሦስታችሁም የፈረማችሁበት ደብዳቤ በውሉ ላይ በተጻፈው አድራሻ ላኩ፤ አንዱ ብቻ ከፈረመ «ሌሎቹ አልጠየቁንም» የሚል ቀዳዳ ይከፈታል። በደብዳቤው ለፈቃድ ያቀረቡትን ማመልከቻ ቅጂና የግንባታ መርሐ ግብር በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ማመልከቻ ከሌላቸው ለድርድሩም፣ ወደ ሕግ ባለሙያ ለመሄድም ጥሩ ማስረጃ አገኛችሁ። ካላቸው ደግሞ የቀረውን በማሻሻያ ሰነድ አስሩት።

ማሻሻያው ዝግጅቱን ከኪራዩ ዘመን ይለይ። 6 ወር የዝግጅት ጊዜ፣ የፈቃድ ማመልከቻ ካሳዩ አንድ ጊዜ ብቻ 3 ወር ጭማሪ፤ በእነዚህ ወራት ከሙሉው ኪራይ 10 ወይም 20 በመቶ የቦታ ማቆያ ክፍያ ይታሰብ። ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ለግንባታ 90 ቀን። ሙሉ ኪራይ የሚጀምረው ሰሌዳው ሲቆም ወይም 90ኛው ቀን ሲሞላ፣ ከሁለቱ በቀደመው ቀን። ሰሌዳው ማሻሻያው በተፈረመ በ12 ወር ውስጥ ካልቆመ ውሉ በራሱ ጊዜ ይፈርስ፣ የማቆያው ክፍያም የእናንተ ሆኖ ይቅር። ሰሌዳው የቆመ ዕለት ደግሞ መነሻና ማብቂያ ቀን በቀን፣ በወር፣ በዓመት ተጽፎ ሁለቱም ወገን የሚፈርሙበት አንድ ገጽ ወረቀት ያዙ። ይህች ወረቀት ባለመኖሯ ብቻ ከዓመታት በኋላ «መቼ ነበር የጀመርነው» የሚል ክርክር ይነሣል።

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ውሌ በሁለት ወር ውስጥ ያበቃል ብዬ ስጠብቅ፣ ተከራዩ ድርጅት «ማስጠንቀቂያ ስላልሰጡን ለሌላ 10 ዓመት ታድሷል» የሚል ደብዳቤ ላከልኝ። ይሆናል እንዴ?

መልስ፦ ውሉ ላይ ተጽፎ ከሆነ፣ በብዙ አገር ይሆናል። በድርጅቶች ቅጽ ውስጥ የሚገኘው አነጋገር ይህን ይመስላል፦ «ከሁለቱ አንዱ ዘመኑ ከማብቃቱ ቢያንስ 90 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ካላስታወቀ ውሉ በተመሳሳይ ሁኔታ ለተመሳሳይ ዘመን ይታደሳል።» ሁለት ጊዜ «ተመሳሳይ» እንዳለ ልብ ይበሉ፤ ዘመኑም ኪራዩም ባለበት ነው የሚቀጥለው።

መጀመሪያ የሚጣራ አለ። ማብቂያው ቀን በትክክል ተሰልቷል? መነሻው ከግንባታ ማለቂያ የሚቆጠር ከሆነ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ገና ላያልፍ ይችላል። ውሉ «90 ቀን» ይላል ወይስ «3 ወር»? አንድ አይደሉም፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሦስት ተከታታይ ወራት እንደ ወራቱ ከ89 እስከ 92 ቀን ሊሆኑ ይችላሉ፣ በአንድ ቀን ልዩነት የተበላሸ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ያልተሰጠ ነው። የሚቆጠረው የተላከበት ቀን ነው ወይስ የደረሰበት? ይህን ይዘው የአገርዎን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያሳዩ፤ ሳይጠየቅ ስለሚታደስ ውል ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ከተገኘም ባዶ እጅዎን አይደሉም። አሥር ዓመት ውስጥ ድርጅቱ ከእርስዎ የሚፈልገው ነገር አይጠፋም፤ ዛፍ ማስከርከም፣ ገጹን ማስፋት፣ ወደ ስክሪን መቀየር፣ ውሉን ለሌላ ድርጅት ማስተላለፍ፣ ለክሬን መግቢያ ማግኘት። ከእነዚህ የትኞቹ የእርስዎን ፈቃድ እንደሚሹ ውሉን አንብበው ይለዩና የመጀመሪያው ጥያቄ ሲመጣ «ዘመኑን ወደ 5 ዓመት እናሳጥር፣ ኪራዩንም እንከልስ» ይበሉ። ለሌላ ድርጅት ሊሸጡት ካሰቡ ደግሞ ገዢው ውሉ የጸና መሆኑን የሚያረጋግጥ ፊርማ ከእርስዎ መፈለጉ የተለመደ ነው። ያቺ ፊርማ ዋጋ አላት።

ውላቸው ገና ላልደረሰ አንባብያን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ቅጹ «ቢያንስ 90 ቀን አስቀድሞ» ብቻ ብሎ «ከዚህ ቀን በፊት አይሰጥም» ካላለ፣ የእምቢታውን ደብዳቤ ዛሬ መስጠት ይቻላል። መስጠት ማስለቀቅ አይደለም፤ ሲያበቃ በአዲስ ውል እንደራደር ማለት ነው። በእጅ ከሰጡ ቅጂው ላይ ቀንና ፊርማ ያስቀምጡ፤ በፖስታ ከሆነ በአደራ ይላኩና ደረሰኙን ከውሉ ጋር ያቆዩ። በስልክ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ግን «በጽሑፍ» በሚል ውል ፊት ዋጋ የለውም።

ጥያቄ፦ ሁለት ሰሌዳ ብቻ ያለኝ ጀማሪ ነኝ። ለሦስተኛው ያገኘሁት ቦታ ባለቤት በ10 ዓመት ተስማምቶ፣ «ከሸጥኩት ወይም ከገነባሁበት ግን በ60 ቀን ትለቃለህ» የሚል አንቀጽ ጨምሯል። ልፈርም?

መልስ፦ እንዳለ አትፈርም። እንደዚያ ያለ ውል በስሙ 10 ዓመት ነው፣ በተግባር 60 ቀን። አስተዋዋቂዎችህ ለስድስት ወር ወይም ለዓመት ነው የሚዋዋሉህ፤ ባለቦታው በ60 ቀን ሲያስለቅቅህ ለእነሱ ከፋዩ አንተ ነህ። ሰውየውም ግን አልተሳሳተም፤ ቦታውን ዕድሜ ልኩን ለማስታወቂያ አላሰበውም። ስለዚህ አንቀጹን አስወጣ ብለህ አትጋጭ፣ አጥር አብጅለት።

መሸጥን ከመገንባት ለየው። ቢሸጥ ለምን ትለቃለህ? አዲሱ ገዢ ከነውሉ ይረከብ፤ ኪራዩ ለእሱ ይገባል። ለዚህ እንዲሆን ውሉ በአገሩ ሕግ በሚፈቅደው መንገድ መመዝገብ አለበት፤ ያልተመዘገበ ረጅም ውል ገዢውን ላያስገድደው ይችላል። ቦታው በባንክ ብድር መያዣ ከሆነም ከመፈረምህ በፊት የባንኩን የጽሑፍ ስምምነት ጠይቅ። አለበለዚያ ቦታው በሐራጅ ሲሸጥ ምሶሶህ ከአጥር ውስጥ ይቀራል።

ግንባታን በተመለከተ አራት ነገር ይጻፍ። ማስለቀቅ ከ5ኛው ዓመት በፊት አይቻልም። ማስጠንቀቂያው 12 ወር ነው። ከማስጠንቀቂያው ጋር የግንባታ ፈቃድ ቅጂ ይያያዛል፤ ያለዚያ «ልገነባ ነው» ብሎ አስለቅቆ በማግሥቱ ለተፎካካሪህ የማከራየት በር ይከፈታል። አራተኛው ካሳ ነው። ከወጪህ 100 ውስጥ ተነቅሎ የሚሄደውን ብረት፣ ክፈፍና መብራት 40 በለው፤ ቀልጦ የሚቀረው 60 ነው። 60ውን ለ10 ዓመት እኩል ስታካፍለው በዓመት 6 ይሆናል። በ6ኛው ዓመት መጨረሻ ቢያስለቅቅህ 24፣ በ8ኛው መጨረሻ 12 ይከፍልሃል፤ ማፍረሻና ማጓጓዣ ለብቻው። ሠንጠረዡን ዓመት በዓመት ሠርተህ ከውሉ ጋር አያይዘው፤ ኋላ «ስንት አወጣህ» የሚል የደረሰኝ ጭቅጭቅ አይኖርም። የታጣ ትርፍ ካሳ ግን አትጠይቅ። ከቁጥሩ ትልቅነት የተነሣ ባለቦታው ፈርቶ ይሸሻል፤ የ12 ወሩ ማስጠንቀቂያ ያንን በከፊል ይተካልሃል።

ቦታው ሰፊ ከሆነ ሌላም መውጫ አለ። ህንፃው ሲሠራ ሰሌዳው ወደ ቦታው ሌላ ጥግ፣ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ወደ ጣሪያው የሚዛወርበትን አማራጭ አስጽፍ። ዘመኑ ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

ባለቦታው ብልህ ከሆነ አንተም የያዝከውን የመውጫ በር ይጠይቅሃል። የተለመደው ቅጽ ለተከራዩ «እይታው ከተጋረደ፣ ፈቃድ ከተሰረዘ፣ ገቢ ከቀነሰ በ30 ቀን አቋርጣለሁ» የሚል መብት ይሰጠዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተገቢ ናቸው። «ገቢ ከቀነሰ» የሚለውን ግን አንተ ራስህ ተወው፤ እሱን ይዘህ 12 ወር ማስጠንቀቂያ ስትጠይቅ አታሳምንም።

ጥያቄ፦ 20 ዓመት ብፈርም ኪራዩ በየዓመቱ 3 በመቶ እየጨመረ ይሄዳል ብለውኛል። ጥሩ አይደለም?

መልስ፦ በዓመቱ የዋጋ ንረት ይወሰናል። ዛሬ 100 የሆነ ኪራይ በ3 በመቶ ሲያድግ በ20ኛው ዓመት 175 ይደርሳል። የገበያው ዋጋ በየዓመቱ 7 በመቶ ቢወደድ በዚያው ዓመት 100 የነበረው ዕቃ 362 ይሆናል። በ20ኛው ዓመት የሚቀበሉት ኪራይ ዛሬ ከሚገዛው ግማሹን እንኳ አይገዛም ማለት ነው። ንረቱ ከ3 በመቶ በታች በሆነበት አገር ግን ያው አንቀጽ ለእርስዎ ያደላል።

ዘመን ሲረዝም ጭማሪው ከቋሚ መቶኛ ወጥቶ ከዋጋ ንረት መለኪያ ጋር ይታሰር። ድርጅቱ ጣሪያ ይፈልጋል፣ እርስዎ ወለል፤ ለምሳሌ ከ2 የማያንስ፣ ከ8 የማይበልጥ። ጣሪያውን የዘለለው ትርፍ ወደሚቀጥለው ዓመት እንዲተላለፍ ማስጻፍ አይዘንጉ፤ ይህ ቃል ከሌለ በአንድ ክፉ ዓመት የታጣው አይመለስም። በየ5 ዓመቱ ደግሞ ኪራዩ በገበያ ይከለስ። ሁለታችሁም አንዳንድ ገማች ታመጣላችሁ፤ ግምታቸው በ10 በመቶ ውስጥ ከሆነ አማካዩ ይወሰዳል፣ ከሰፋ ሁለቱ ገማቾች ሦስተኛ ይመርጣሉ። ለዚህ 60 ቀን ይበቃል፤ እስኪወሰን ድረስ የቀድሞው ኪራይ ይከፈልና ልዩነቱ በኋላ ይታሰባል።

ጥያቄ፦ በቦታችን ላይ የቆመው የሸራ ሰሌዳ 4 ዓመት ቀርቶታል። ድርጅቱ ወደ ኤልኢዲ ስክሪን ልቀይረው፣ ግን ከዛሬ ጀምሮ አዲስ 20 ዓመት ስጡኝ ይላል።

መልስ፦ 4 ዓመት በቀረው ውል ላይ ስክሪን መግጠም አይቻልም፤ ስክሪን ከሸራ ሰሌዳ ብዙ እጥፍ ይወደዳል፣ አራት ዓመት አይመልሰውም። ማራዘም መጠየቃቸው ልክ ነው። 20ው ግን ከአንድ ስክሪን ዕድሜ ያልፋል። አምራቾች ለኤልኢዲ የሚሰጡት የተለመደ ዕድሜ 100,000 ሰዓት ነው፤ ያም ብርሃኑ በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ቀንና ሌሊት ከበራ በዓመት 8,760 ሰዓት ይሠራል፣ 11 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ማለት ነው። በየሌሊቱ ለ6 ሰዓታት ቢጠፋ 15 ዓመት። ፀሐይ፣ አቧራና ሙቀት የሚመታቸው የኃይል ማከፋፈያዎችና ማገናኛዎች ደግሞ ከዚያ ቀድመው መበላሸት ይጀምራሉ፤ ስክሪኑ በቁራጭ በቁራጭ እየታደሰ ነው የሚዘልቀው። ስለዚህ ስክሪኑ ከበራበት ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ስጧቸው፤ ሁለተኛ ስክሪን ሲገጥሙ እንደገና ትነጋገራላችሁ።

ለዚህ ፊርማ በምላሹ የምትጠይቁት ብዙ ነው። በሸራ ገጽ ላይ አንድ አስተዋዋቂ አለ። በስክሪን ላይ ስምንት አስተዋዋቂ እያንዳንዱ 8 ሰከንድ ቢይዝ በ64 ሰከንድ ዙሩ ያልቃል፤ ያው ገጽ ለስምንት ተሸጠ። የድሮው ኪራይ ይቀጥል የሚባልበት ምክንያት የለም። ዝቅተኛ ኪራይና የገቢ ድርሻ አስቀምጡና ከሁለቱ የበለጠው ይከፈል። ድርሻው የሚሰላው ለአስተዋዋቂው ከተቆረጠው ደረሰኝ ጠቅላላ ይሁን እንጂ ኮሚሽን ከተቀነሰ በኋላ ከሚቀረው አይሁን። የጥቅል ሽያጭንም አትርሱ፤ አንድ ደንበኛ አሥር ሰሌዳ በአንድ ዋጋ ሲገዛ የእናንተ ስክሪን በስንት እንደተሸጠ የሚወስነው የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። አከፋፈሉ በየሰሌዳው የታወጀ ዋጋ መጠን እንዲሆን ጻፉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ መዝገብ የማየት መብትም ያዙ።

ምሶሶው ለሸራ የተሰላ ነው። የስክሪን ክብደት ይጨመርበታል፣ ነፋስም አለ፤ የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ፍጥነቱ 20 በመቶ ሲጨምር ግፊቱ 44 በመቶ ይጨምራል። ድሮ ተርፎ የነበረው አቅም አሁን ላይተርፍ ይችላል። መሐንዲስ የፈረመበት አዲስ ስሌት ሳታዩ ማራዘሚያውን አትፈርሙ። የስክሪን ፈቃድ ከተከለከለ ደግሞ ማራዘሚያው ይሰረዝና የድሮው 4 ዓመት ይቀጥል፤ ይህ ካልተጻፈ ስክሪን ሳይኖር ዘመኑ ብቻ ረዝሞ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የህንፃዬን ጣሪያ ለቢልቦርድ ባከራይ ዘመኑ ከመሬት ይለያል?

መልስ፦ የጣሪያው የውሃ መከላከያ ንጣፍ ዕድሜ ይገድበዋል። ንጣፉ ከ6 ዓመት በኋላ መታደስ ካለበትና እርስዎ 10 ዓመት ከፈረሙ፣ በመካከል የብረቱ እግሮች ያሉበት ቦታ ሳይታደስ ያልፋል፤ ውሃ የሚገባው ደግሞ በትክክል እዚያው ነው። ወይ ንጣፉን ሰሌዳው ከመቆሙ በፊት ያድሱና 10 ዓመት ይስጡ፣ ወይ 6 ዓመት ይፈርሙ። ሦስተኛው መንገድ ለጣሪያ ሥራ ሲባል ሰሌዳው በ90 ቀን ማስጠንቀቂያ፣ በዘመኑ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ የሚነሣበት አንቀጽ ነው። በነዚያ ቀናት ኪራይ አይታሰብም፣ የማንሻውና የመመለሻው ወጪ የማን እንደሆነ ከአሁኑ ይለይ።

ጥያቄ፦ ዘመኑ ካለፈ 5 ወር ሆነው፤ ሰሌዳው ቆሟል፣ ኪራዩም በየወሩ ወደ ሒሳቤ ይገባል። ውል አለኝ ወይስ የለኝም?

መልስ፦ ክፋቱ ኪራዩ መግባቱ ላይ ነው። በብዙ አገሮች ሕግ፣ ዘመኑ ካለቀ በኋላ ተከራዩ ሳይለቅ አከራዩም ዝም ብሎ ኪራይ ከተቀበለ ውሉ በዝምታ እንደቀጠለ ይቆጠራል። ለስንት ጊዜ እንደሚቀጥል ደግሞ እንደ አገሩ ይለያል። ስለዚህ ዛሬውኑ በጽሑፍ «ከማብቂያው ቀን በኋላ የተከፈለውን የምቀበለው ለቦታው መጠቀሚያ እንጂ ውሉ ታድሷል ብዬ አይደለም» ብለው ያስታውቁና የሚነሣበትን ቀን ይቁረጡ። ክሬን ለመከራየትና አስተዋዋቂ ለማሰናበት 60 ቀን በቂ ነው። አምስት ወር ዝም ማለትዎ ምን እንዳስከተለ ግን የሕግ ባለሙያ ቢያየው ይሻላል።

በሚቀጥለው ውልዎ ይህን ዘመን ከነስሙ ያስገቡት፤ ከማብቂያው በኋላ ሰሌዳው የሚቆይባቸው ቀናት ሁሉ በ150 በመቶ ኪራይ ይታሰባሉ፣ ዘመኑንም አያድሱም። መነሣት ማለት ምን እንደሆነም ይጻፍ። ብረቱ ብቻ ተነሥቶ ኮንክሪቱ ከነብሎኖቹ መሬት ላይ አፍጥጦ የሚቀርባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። መሠረቱን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ውድ ስለሆነ ድርጅቶች አይስማሙም፤ ከመሬቱ ወለል 1 ሜትር ዝቅ ብሎ ተቆርጦ አፈር እንዲለብስ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩም ከቆጣሪው ጀምሮ እንዲነቀል ቢጠይቁ ግን አብዛኞቹ ይቀበላሉ። ለዚህ የሚበቃ መያዣ ገንዘብ በመጀመሪያው ዓመት ይቀበሏቸው፤ በመጨረሻው ዓመት መያዣ የሚሰጥ ተከራይ የለም።